የሚሟሟ መድኃኒት የደለል ትል አይነካም የሚባለው እውነት ነው? (ከቆጋ እስከ ጣና)

የጭቃ ተማሪ — እሁድ፣ ኅዳር 7፣ ማታ 2:15

እንደምን ዋላችሁ ጎበዝ። የማስተርስ ጽሑፌን ከመራዊ በታች ባለው የቆጋ መስኖ ላይ እየሠራሁ ነው። ጥያቄዬ ትንሽ ትመስላለች፤ ሦስት ሳምንት ግን እንቅልፍ ነስታኛለች።

ከማሳው የሚወርደው ፀረ-ተባይ በማፋሰሻው ቦይ አድርጎ ቆጋ ወንዝ፣ ከዚያ ግልገል አባይ፣ ከዚያ ጣና ይገባል። እኔ ላጠና የተነሣሁት በጭቃው ውስጥ የሚኖሩትን ነው፤ ቀያዮቹን የትንኝ ዕጮች፣ ትሎቹን፣ ቀንድ አውጣዎቹን። ከስድስት ቦታ ደለል ዝቄ ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለው፣ ሽንኩርት ላይ የሚረጨው የነፍሳት መድኃኒት እንዲለካልኝ ወደ ቤተ ሙከራ ላክሁ። በስድስቱም ላይ "አልተገኘም" የሚል ወረቀት መጣልኝ። አማካሪዬ አየውና "ይሄ እኮ በውሃ የሚሟሟ ነው፤ ጭቃ ላይ መች ይቀመጣል? ከውሃው ጋር አልፎ ይሄዳል። የደለሉን ምዕራፍ አውጪው" አለኝ።

መመሪያውም ከእሱ ጋር ይመስላል። አንድ ኬሚካል ከውሃና ዘይት መሰል ከሆነው ከኦክታኖል የትኛውን እንደሚመርጥ የሚያሳይ ቁጥር አለ፣ ሎግ ኮው ይሉታል። የአውሮፓ የኬሚካል ደንብ የደለል ፍተሻን የሚያነሣው ይህ ቁጥር 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ማለትም ኬሚካሉ ከውሃው ይልቅ ዘይቱን ሺህ ጊዜ ሲመርጥ። የኢሚዳክሎፕሪድ 0.57 ነው። አጠገቡም አይደርስ።

ምዕራፉን ልጣለው? ስድስት ጀሪካን ጭቃ በባጃጅ ያመላለስሁበት ብር ያንገበግበኛል እንጂ ሌላ ክርክር የለኝም።

---

አግሮ ማርቆስ — እሁድ፣ ማታ 2:50

እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ አካባቢ በሰብል ጥበቃ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ጭቃን የሚበክሉት እንደ ኢንዶሰልፋን ያሉት የድሮ ፀረ-ተባዮች ነበሩ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት የተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ዛሬም የደለል ነገር የሚያሳስብሽ ከሆነ ካራቴ የሚሉትን ፀረ-ተባይ ተመልከቺ፤ በውስጡ ያለው ላምዳ-ሳይሃሎትሪን ደለል ላይ እንደ ሙጫ ነው የሚለጠፈው። የሚሟሟው መምጣቱ ለጭቃው እፎይታ ነው። በዚያ ላይ የኢሚዳክሎፕሪድን መግለጫ አንብቢ፤ ዳፍኒያ የምትባለውን የውሃ ቁንጫ በ48 ሰዓት ለመጉዳት 85 ሚሊግራም በሊትር ያስፈልገዋል። ይሄንን ያህል በቦይ ውስጥ ለማግኘት ጠርሙሱን እንዳለ መገልበጥ ነው።

---

ሰከላ — እሁድ፣ ማታ 3:05

አንድ ኩንታል ሽንኩርት ስንት እንደሆነ የምታውቁ ስለ ትል ታወራላችሁ 😂 ለማንኛውም ክሩን እየተከታተልሁ ነው።

---

ሚዛን — እሁድ፣ ማታ 4:30

የጭቃ ተማሪ፣ ምዕራፉን ከመጣልሽ በፊት ሦስት ነገር ንገሪኝ። ቤተ ሙከራው መለካት የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ስንት ነው? የደለሉ ኦርጋኒክ ካርቦንስ? ደለሉን ስትልኪ ከላዩ ያቀረረውን ውሃ ምን አደረግሽው?

---

የጭቃ ተማሪ — እሁድ፣ ማታ 4:41

ዝቅተኛው 10 ማይክሮግራም በኪሎ ይላል። ካርቦኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ አማካዩ 2 በመቶ ገደማ። ውሃውን... ደፋሁት። ጀሪካኑ እንዳይከብድ አጠልዬ፣ ጭቃውን ብቻ።

---

ሚዛን — እሁድ፣ ማታ 5:20

የፈለግሽውን ነው የደፋሽው። ግን አትዘኚ፣ ሁላችንም ደፍተናል።

ወረቀቱን ገልብጠን እናንብበው። ኬሚካል በጭቃና በውሃ መካከል የሚከፋፈለው በዋናነት በኦርጋኒክ ካርቦኑ ልክ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ቁጥር ኮክ ይባላል፤ ለኢሚዳክሎፕሪድ 200 እንያዝ፣ ከሚታወቀው ብዙም አይርቅም። 200ን በ2 በመቶ ካርቦን ስታባዢው 4 ይሆናል። ይህ ማለት በጭቃው ቅንጣቶች መካከል ባለው ውሃ ውስጥ 1 ማይክሮግራም በሊትር ካለ፣ በቅንጣቱ ላይ የተለጠፈው 4 ማይክሮግራም በኪሎ ብቻ ነው።

የቤተ ሙከራሽ ዓይን የሚያየው ከ10 ጀምሮ ነው። ጭቃው ላይ 9 ቢኖር "አልተገኘም" ይልሻል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ግን ከ2 ማይክሮግራም በላይ ይይዛል። የቺሮኖመስ ዕጭ (ያው ቀዩ የትንኝ ዕጭ) ለ28 ቀን ሲጋለጥ ግማሹ የሚሞትበት መጠን 1 ማይክሮግራም አካባቢ ሆኖ ተለክቷል። በአራት ቀን ውስጥ የሚገድለውም ጥቂት ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ ወረቀትሽ "የለም" አላለም። "ዕጮቹ ቢሞቱም እኔ አላይም" ነው ያለው።

አግሮ ማርቆስ ያመጣው 85 ሚሊግራም ትክክለኛ ቁጥር ነው፣ ለዳፍኒያ። ከዚህኛው ጋር አስተያዩት፤ ያኛው ሚሊግራም ነው፣ ይሄኛው ማይክሮግራም። በአንድ መድኃኒት ላይ የሁለቱ ፍጥረታት ልዩነት ከአሥር ሺህ እጥፍ ያልፋል። ዳፍኒያ ነፍሳት አይደለችም፤ መድኃኒቱ የተሠራው ደግሞ ለነፍሳት ነርቭ ነው። የትንኝ ዕጭ ነፍሳት ነው። ሽንኩርት ላይ ያለውን ትሪፕስ የሚባል ጥቃቅን ተባይ የሚገድል ነገር ጭቃ ውስጥ ያለችውን የትሪፕስ የሩቅ ዘመድ ይምራታል ማለት ምን የሚሉት ተስፋ ነው?

---

ዳሞት — ሰኞ፣ ጠዋት 1:10

እኔ የአፈር ሰው ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም። "የሚሟሟ" የምትለው ቃል ራሷ ነች እዚህ ሰውን የምታሳስተው። ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ጆንያ ታስረዋል።

በወርቃማው የጎጃም ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨው የአረም መድኃኒት ቱ-ፎር-ዲ ይሟሟል፣ አሲድ ስለሆነ ውሃ ውስጥ አሉታዊ ሙል ይዞ ይንሳፈፋል፣ አፈርም እምብዛም አይዘውም፣ አየር ባለበት ቦታ ተሕዋስያን በቀናትና በሳምንታት ይበሉታል። እሱ በርግጥ ከውሃ ጋር የሚሄድ ነው፤ ለደለል እንስሳም መርዝነቱ ዝቅ ያለ ነው። የአማካሪሽ ንግግር ለእሱ ቢሆን እፈርምለት ነበር።

ጋይፎሴት (ሰው ራውንድአፕ የሚለው የአረም መድኃኒት) ደግሞ በሊትር ውሃ 10 ግራም ገደማ ይሟሟል። ሎግ ኮዉም ከዜሮ በታች ነው። በዚያ ሕግ ከሄድን ጭቃ አይነካም። ግን በብረትና በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ላይ በፎስፌት እጁ አንቆ ይይዛል። የቆጋ ቀይ አፈር ደግሞ ምንድን ነው? ብረትና አሉሚኒየም! ማዳበሪያ ስንበትን ፎስፈረሱን ውጦ አልመልስ የሚለን ያው አፈር። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ጋይፎሴት የሚወርደው ከአፈሩ ጋር ተለጥፎ ነው፤ ደለል ሆኖ ይተኛል። ዘይት ወዳድነትን የሚለካ ቁጥር ይህንን በጭራሽ አያየውም። ፓራኳት የሚባለው ሌላ የአረም መድኃኒት ከዚህም ይብሳል፤ እንደ ጨው እየሟሟ ሸክላን ካገኘ አይለቅም።

ሦስተኛው ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ሚዛን የጻፈው ነው፤ ጥቂቱ ብቻ ይለጠፋል፣ ጥቂቱም ይበቃዋል።

(ከላይ "ጋይፎሴት" ያልሁት ግላይፎሴት ለማለት ነው፣ ስልኬ ነው።)

---

አግሮ ማርቆስ — ሰኞ፣ ጠዋት 3:25

ዳሞት ያልኸውን ተቀብያለሁ፣ ስለ ግላይፎሴት አላሰብሁም ነበር። ሚዛን ላይ ግን አንድ ነገር አለኝ። ኢሚዳክሎፕሪድ ፀሐይ አይወድም። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብርሃን ሲያገኘው በሰዓታት ይፈርሳል። የእኛ አገር የየካቲት ፀሐይ ላይ 28 ቀን ማን ያቆየዋል? የ28 ቀኑን ቁጥር ማምጣት ገበሬውን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው። ገበሬው እኮ ከባሰው ወደ ተሻለው ነው የመጣው።

---

ሚዛን — ሰኞ፣ ከሰዓት 8:00

"ንጹሕ ውሃ" ያልኸው ላይ ነው ነገሩ ያለው። ግልገል አባይን በሐምሌ አይተኸዋል? ቡና ነው። የማፋሰሻ ቦዩም ቢሆን በበጋ ደፍራሽ ነው፣ ብርሃን አንድ ክንድ አይገባም። ጭቃው ውስጥ ደግሞ ጨለማ ነው፤ በውሃና ደለል ሙከራ በጨለማ ሲቀመጥ ግማሹ እስኪጠፋ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። በዚያ ላይ ሽንኩርት ላይ አንድ ጊዜ ረጭቶ የሚያቆም ሰው የለም። ከመጥፋቱ በፊት ቀጣዩ ይመጣል።

ስለ ካራቴ ግን እውነት አለህ፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። የእሱ ኮክ ከመቶ ሺህ በላይ ነው። አንድ ሊትር እርጥብ ጭቃ ብትወስድ፣ 0.8 ሊትሩ ውሃ፣ የቀረው ግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ ነገር ቢሆን፣ ከካራቴው ውስጥ በውሃው የሚገኘው ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ከኢሚዳክሎፕሪዱ ግን ከመቶ 29 እጅ ያህሉ በውሃው ውስጥ ነው። ካራቴን የሚፈራው ጭቃውን የሚበላው እንስሳ ነው፤ እንደ ቱቢፌክስ ያለው ትል፣ ጭንቅላቱን ቀብሮ ጅራቱን ወደ ላይ የሚያወዛውዘው። የሚሟሟውን መፍራት ያለበት ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ውሃ የሚጠቀመው ነው። የቺሮኖመስ ዕጭ በሐር መሰል ክር የራሷን ቱቦ ሠርታ ትገባና ሰውነቷን እያወዛወዘች ከላይ ያለውን ውሃ ወደ ታች ትስባለች። ቤቷ ጭቃ፣ የምትተነፍሰው ግን የቦዩን ውሃ። "ደለል ላይ አይለጠፍም" ለእሷ ምን ያደርግላታል?

---

ባለታንኳ — ሰኞ፣ ማታ 1:45

እኔ የተማርሁ አይደለሁም፣ ባሕር ዳር ዓሣ አስጋሪ ነኝ፣ ልጄ ነው ክሩን ያነበበልኝ። ይሄ ቀይ ትል የምትሉት አምባዛ ሆድ ውስጥ የሚገኘው ነው አይደል? ስትቀደው ቀይ ክር መስሎ የሚፈሰው። ነጭ ዓሣም ሆድ አይቻለሁ። ትልቁ ሲወጣ እንደ ጢስ ሆኖ ከሐይቁ ላይ የሚነሣው የማይናከሰው ትንኝ እሱ ከሆነ ማታ ማታ ፊታችንን ያለብሰናል፣ አንፈልገውም ነበር 😀። ሰከላ፣ ወንድሜ፣ ስለ ትል አይደለም የሚወራው፣ ዓሣው ምን በልቶ ይደር ነው።

---

የጭቃ ተማሪ — ሰኞ፣ ማታ 2:10

ጋሼ ባለታንኳ፣ እሱው ነው! ቀይ የሆነው ደሙ ውስጥ እንደ እኛ ሄሞግሎቢን ስላለ ነው፤ አየር በሌለበት ጭቃ የሚኖረው በዚያ ነው። ትልቁ አይናከስም፣ ጥቂት ቀን ኖሮ እንቁላሉን ውሃ ላይ ጥሎ ይሞታል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይቺን የዓሣ ሆድ ነገር ጽሑፌ ውስጥ ማስገባቴ አይቀርም።

---

ቆጋ ዳር — ማክሰኞ፣ ጠዋት 12:50

ልጆች፣ እኔ መስኖው ከመጣ ጀምሮ ያለሁ ገበሬ ነኝ። ሰባት ሺህ ሄክታር ነው የተባለው ይሄ መስኖ፣ ማፋሰሻው የት የት እንደሚያርፍ ግን የምናውቀው እኛ ነን። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትስቁ።

እናንተ ከማሳ ታጥቦ ይወርዳል ትላላችሁ። አዎ ይወርዳል። ግን የሚበዛው ሌላ ነው። መርጫውን ቦይ ዳር እንሞላለን፤ ውሃው ያለው እዚያ ነዋ። መድኃኒቱን በክዳን እንለካለን፣ ከሞላ ይፈሳል። ረጭተን ስንጨርስ መርጫውን ቦዩ ውስጥ ነክረን እናጥባለን፣ የቀረውን እዚያው እንደፋለን፣ ለነገ ስንዴ ላይ ሌላ ስለምንረጭ መድኃኒቱ እንዳይቀላቀል። ጠርሙሱም እዚያው ይወድቃል። አትርጩ የሚለን አለ፤ ቦይ ውስጥ አትጠቡ ብሎ አጠገባችን የቆመ ግን አላየሁም። ከብት እዚያው ይጠጣል።

በልጅነቴ ቆጋ ወንዝ ዳር ድንጋይ ገልብጠን ትል እየለቀምን በመንጠቆ ዓሣ እንይዝ ነበር። አሁን የእኛ ማፋሰሻ የሚገባበት ቦታ ድንጋይ ብትገለብጥ አለቅት ታገኛለህ እንጂ ሌላው እንደ ድሮ አይደለም። መድኃኒቱ ነው አልልም፤ ደለሉም በዝቷል፣ ውሃውም ተገድቧል።

---

ሚዛን — ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:30

አያ፣ ማን ይስቃል! ይሄ ከሁላችንም ስሌት በላይ ነው። እኔ በየማሳው ተበትኖ በቀስታ የሚወርድ ብዬ ሳሰላ ነበር። መርጫ የሚታጠብበት ቦታ ግን አንዱ ነጥብ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ የሚጣልበት ነው። የጭቃ ተማሪ፣ ስድስቱ ናሙናዎችሽ ከየት ነበሩ?

---

የጭቃ ተማሪ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:44

ሁሉም ዋናው ወንዝ ላይ፣ ድልድይ አጠገብ። ባጃጅ የሚደርስበት።

---

አግሮ ማርቆስ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:00

በቃ፣ ከእንግዲህ ለአማካሪዋ አልሟገትም። ግን ጽሑፉን ሲያርሙት የሚጠይቁትን ልጠይቅሽ። መርዝነቱን ከመጽሐፍ ቁጥር ብቻ አምጥተሽ "አደጋ አለ" ብትዪ አያልፍም፤ የአውሮፓ ትንኝ የጣና ትንኝ አይደለም። ደለል ላይ ጉዳት የማያደርሰውን መጠን ስታወጪም አንድ የረጅም ጊዜ ሙከራ ብቻ ካለሽ በ100 ታካፍያለሽ፣ በአመጋገብና በአኗኗር የሚለያዩ ሁለት ፍጥረታት ላይ ከሠራሽ በ50፣ ሦስት ከሆኑ በ10። ቁጥር ስታጪ ፍርሃቱ ይበዛል፣ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሙከራ መሥራት ትችያለሽ ወይ?

---

ሚዛን — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:15

ትችላለች። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የሙከራ መመሪያዎች አሉ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. የ2004 ናቸው። ቁጥር 218 የሚባለው ኬሚካሉን አስቀድሞ ከደለሉ ጋር ቀላቅሎ ዕጮቹን ከላይ ይለቃል። 219 ንጹሕ ደለል ላይ ውሃ ሞልቶ፣ ዕጮቹን አስገብቶ፣ ኬሚካሉን ውሃው ውስጥ ይጨምራል። ለአንቺ 219 ነው፤ አያ ቆጋ ዳር የነገሩን ልክ እሱን ነው፣ ከላይ በውሃ የሚመጣ። በ218 ከሄድሽ የሚሟሟው ኬሚካል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጭቃው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይገባና ደለሉ ላይ የጻፍሽው ቁጥር ውሸት ይሆናል። በሁለቱም ቢሆን የላዩን ውሃ፣ የጭቃውን ውሃና ጭቃውን ለየብቻ ለኪ።

ሰው ሠራሹ ደለል አስቸጋሪ አይደለም፤ ሦስት አራተኛ ያህሉ ነጭ የኳርትዝ አሸዋ፣ 20 በመቶ ካኦሊን ሸክላ፣ 4 ወይም 5 በመቶ አተላ መሳይ የበሰበሰ የረግረግ እጽዋት (ፒት)። ፒቱ ነው እዚህ የሚያስቸግርሽ። አንድ እፍኝ ፒት ለማስመጣት ሁለት ወር የጠበቀ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ። ከላይ ካለው ከማይረጭበት ገባር የተፈጥሮ ደለል ወስደሽ ካርቦኑን ለክተሽ ተጠቀሚ፣ መመሪያው አይከለክልም። ከደለሉ በላይ የሚቆመው ውሃ አራት እጥፍ ይሁን።

የጣናን ትንኝ ለማርባት ከዳር ዳር ሸምበቆ ላይ እንደ ዝልግልግ ክር የተጠቀለለ እንቁላል ሰብስቢ። ሲፈለፈሉ ሁለት ሦስት ቀን የሆናቸውን ዕጮች ውሰጂ። ምግባቸው የተፈጨ የዓሣ መኖ ነው። ስንቱ ትንኝ ሆኖ እንደወጣ፣ በስንት ቀኑ እንደወጣ ትቆጥሪያለሽ። አንድ ምክር፦ ብልቃጦቹን በመጋረጃ ጨርቅ ሸፍኚ። እኔ የመጀመሪያዬን ረስቼ ውጤቴ ሁሉ አምፖሉ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

---

ዳሞት — ማክሰኞ፣ ማታ 1:20

ናሙና ስትወስጂ የጭቃውን ውሃ በሴንትሪፉጅ ለይ፤ ከላይ ያለውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ዕጮቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። ከታች እስከ ክንድ የዘቅሽው የአምስት ዓመት ታሪክ ነው። ግላይፎሴትንም ጨምሪው፣ ግን እሱን ደለሉ ላይ ፈልጊ፣ ውሃው ላይ አትድከሚ። ቀዩ አፈር እንደያዘው ነው የሚመጣልሽ።

---

የጭቃ ተማሪ — ረቡዕ፣ ማታ 3:00

አማካሪዬን ዛሬ አገኘሁት። የሚዛንን ስሌት በወረቀት ገልብጬ ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና "ካርቦኑ 2 በመቶ ነው ያለሽ ማን ነው?" አለኝ። "እኔ ነኝ የለካሁት" አልሁ። "እንግዲያው ድገሚው" አለ። ምዕራፉ ተርፏል ማለት ነው! አዲስ ናሙና ግን ከማፋሰሻዎቹ አፍ፣ ከመርጫ ማጠቢያዎቹ አጠገብ፣ በርጭቱ ወቅት መሆን አለበት ብሏል።

አያ ቆጋ ዳር፣ ቢቸገሩልኝ የት የት እንደሚታጠብ ያሳዩኛል?

---

ቆጋ ዳር — ሐሙስ፣ ጠዋት 12:35

ምን ችግር አለው ልጄ። ሽንኩርቱ ገና ችግኝ ነው፣ ርጭቱ የሚጠናው ከታኅሣሥ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ በጥር ነይ። የእኛ የውሃ ተራ ሲሆን ቦዩ ይሞላልና ለመዝቅ አይመችሽም፣ ተራው ካለፈ በማግስቱ ይሻላል። ሦስት ቦታ አሳይሻለሁ። አራተኛው የእኔው ነው፣ ከዋርካው ሥር። ቦት ጫማ ያዢ፣ አለቅት አለ። ባጃጅ አይገባም፣ ጀሪካኑን አህያ ላይ እንጭነዋለን፣ ውሃውን አትድፊው ብቻ።